በሐይቅ ዳርቻ ምንጣፍ መሳይ ሣሮችን ማልማት
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ሐይቅ የውሃ መውጫ የለውም። በመሆኑም ከተዳፋቱ ታጥቦ የገባ አፈር እዚያው ይቀራል። የቆሮሶ ዓሣ ወደዚህ ሐይቅ የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ከወጡ በኋላ የሚጠለሉት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ባለው ሣር ውስጥ ነው። ዳርቻው ከተራቆተ ጫጩቶቹ ለትልልቅ ዓሦችና ለወፎች ይጋለጣሉ፤ ውሎ አድሮም የአስጋሪው መረብ ይቀልላል።

2. ሣሩ የሚፈልገው

በውሃ ውስጥ የሚያድግ አጭር ሣር ከሁሉ በፊት ብርሃን ይሻል። በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች የቀጤማ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ ሣሮችን በጥቂት በጥቂቱ ለያይተው ይተክላሉ፤ ሣሩም በሥሩ እየተሳበ ወለሉን እንደ ምንጣፍ ይሸፍናል። ይህ የሚሆነው ግን ውሃው ጠርቶ ብርሃን እስከ ወለሉ ሲደርስ ነው።

ይህንን ለአባላት ለማሳየት፦
ሀ) ሁለት ሰፋፊ የመስታወት ዕቃዎች ወስዶ የታጠበ አሸዋ ሦስት ጣት ያህል ማንጠፍ፤
ለ) ከሐይቁ ውስጥ የተነቀለ አጭር ተክል በሁለቱም ተክሎ ውሃ መሙላትና ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ፤
ሐ) በአንደኛው ዕቃ በየጠዋቱ ጥቂት የእርሻ አፈር መበጥበጥ፤
መ) ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ማነጻጸር።

ደለል ቅጠሉን አልብሶ ብርሃን እንደሚከለክል አባላቱ በዓይናቸው ያያሉ።

3. አተካከል

ከውሃው ጠርዝ በላይ ሰርዶ በክረምት መግቢያ ይተከላል፤ በመሬት ላይ እየተሳበ አፈሩን ይይዛል። እርጥበት በማይለየው ጠርዝ ላይ ቀጤማ፣ ዝናቡ አቁሞ ውሃው ሲጠራ፣ በጥቅምት ቢተከል ይመረጣል። ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጥ ያለው የሥር ቁራጭ በአንድ ስንዝር ርቀት ይተከል፤ ጫፉ ከውሃ በላይ ይሁን። ተክሉ ከዚያው አካባቢ ይወሰድ እንጂ ከሌላ ሐይቅ አይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ የታየው እምቦጭ ያደረሰው ጉዳት ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

4. እንክብካቤ

- ከተዳፋቱ የሚወርደውን አፈር በእርከን ሳይገቱ ዳርቻ ላይ መትከል ድካምን ከንቱ ያደርጋል።
- እስከ ውሃው ጠርዝ አይታረስ።
- ለከብቶች አንድ የታወቀ መጠጫ ይለይ፤ የቀረው ዳርቻ ይከለል። ከብት አርቢውና አስጋሪው ቦታውን አብረው ካልመረጡ ክልሉ አይከበርም፤ ስለዚህ ስምምነቱ በማኅበሩ ውስጠ ደንብ ይስፈር።
- ለበዓልና ለቡና ጉዝጓዝ የሚሆን ቀጤማ በፈረቃ ይታጨድ፤ ግማሹ ሲታጨድ ግማሹ ለዓሣው ይቆይ። ሥሩ አይነቀል።

5. ማጠቃለያ

ቅደም ተከተሉ እርከን፣ ክለላ፣ ተከላ ነው። በአምባሰል በምንጭና በወንዝ ዳር የሚሠሩ ባልደረቦችም ይህንኑ ሥርዓት መከተል ይችላሉ። ሥራው በአጭር ቁራሽ ዳርቻ ይጀመር፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ሣሩ የያዘው ቦታ ከተራቆተው ጋር ተነጻጽሮ ለአባላት ይታይ፤ ከዚያም ይስፋፋ።