ለአሻንጉሊት የሚሆን ጭቃ፤ ቀዩ ወይስ ጥቁሩ?

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እረኛ ሕፃናት ከጭቃ በሬ፣ ፈረስና ሰው እየሠሩ መጫወታቸው የቆየ ልማድ ነው። ሥራቸው ሳይተኮስ በአየር ብቻ ስለሚደርቅ፣ ብዙ ጊዜ የበሬው ቀንድ ወይም የአሻንጉሊቱ አንገት በማግስቱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ጥፋቱ በአመዛኙ የእጃቸው ሳይሆን የአፈሩ ነው። በመሆኑም ከአካባቢው ጭቃ አሻንጉሊት ወይም የማስተማሪያ ሞዴል ለመሥራት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ይኖርበታል።

መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የቦረና ከተማ ናት። ቦረናንና ሳይንትን ጨምሮ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በአብዛኛው የተሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ቀልጦ በፈሰሰው ባዛልት ነው። ይህ አንድ ዓይነት ድንጋይ ሲበሰብስ ግን እንደ ቦታው አቀማመጥ ሁለት የተለያዩ ጭቃዎችን ይሰጣል። ውኃ በማይቆምበት ተዳፋት ላይ ዝናቡ ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙንና ከሲሊካውም ብዙውን አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀረው ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድንና ቀይ ቀለም የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው። ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ደግሞ እነዚያው ንጥረ ነገሮች ስለሚከማቹ ስሜክታይት ይፈጠራል፤ ይህም የጥቁሩ አፈር፣ የዋልካ፣ ዋነኛ ማዕድን ነው።

ሁለቱም እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ ስስ ንጣፎች ናቸው። የካኦሊናይት ንጣፎች በሃይድሮጅን ትስስር ስለተያያዙ ውኃ በመካከላቸው አይገባም፤ የሚከበው ቅንጣቶቹን ከውጭ ነው። የስሜክታይት ትስስር ግን ደካማ በመሆኑ ውኃ በየገጹ መካከል ሰርጎ ያሳብጠዋል። ሲደርቅ ያበጠው ሁሉ ይኮማተራል። በበጋ የዋልካ ማሳ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሻንጉሊቱም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ውጥረት ይፈጠራል፤ ውጥረቱም ቀጭኑን ቦታ፣ አንገትንና ክንድን፣ ይሰነጥቃል።

ይህ ሲባል ዋልካ አይረባም ማለት አይደለም። እንደ ሊጥ የሚታዘዝ፣ ጣትና አፍንጫ በቀላሉ የሚወጣበት እርሱ ነው። በእኛ አስተያየት ቀዩን መሠረት አድርጎ ጥቂት ዋልካ መጨመር ይመረጣል።

መጠኑን በግምት ላለመተው ቀላል ፈተና አለ። አፈሩ በውኃ ተበጥብጦ ጠጠሩ ከዘቀጠ በኋላ ድፍርሱ ተቀድቶ ይጠለላል። ጭቃው እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሽና 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ተሠርቶበት በጥላ ይደርቃል። 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቢያጥር መልካም ነው፤ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ካጠረ ግን ቀይ አፈር ወይም የማይኮማተር ደቃቅ አሸዋ ይጨመርበታል።

የጭቃ ቤት የሚመርጉ ሰዎች ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አላቁጠው እንዲቦካ ለቀናት ይተዉታል። ጭዱ ስንጥቅ እንዳይሰፋ እንደ ክር ይይዛል። ለአሻንጉሊት ግን በጣም መድቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሙሽራዪቱ ጢም ታበቅላለች። በፋብሪካ የሚዘጋጁት በአየር የሚደርቁ ሸክላዎችም ብዙዎቹ የሚሠሩት በተመሳሳይ መርሕ ነው፤ በጭዱ ፋንታ የወረቀት ቃጫና ማጣበቂያ ይገባባቸዋል።

ጭቃውን በባዶ እግር መርገጥ ግን አይገባም። ከገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር መርገጥ በተጋላጭ ሰዎች ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት እንደሚያስከትል ይታወቃል። ለአሻንጉሊት የሚበቃው ጥቂት ጭቃ በእጅ ይታሻል፤ አፈሩም ከመጸዳጃና ከከብት በረት ርቆ ከሚገኝ ቦታ ይቆፈራል።

የተጠናቀቀው ሥራ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። በጎንደር አቅራቢያ በወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩት ትናንሽ ምስሎች በእሳት የተተኮሱ ነበሩ። ካኦሊናይት ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በውስጡ የታሰረውን ውኃ ስለሚያጣ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በአየር ብቻ የደረቀው ግን ዝናብ ከነካው ይሟሟል፤ አንገቱ የተሰበረውም ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንደገና ይታሻል።