ስለ አውራሪስ፤ ስሙ ቀርቶ አካሉ ስለ ጠፋ እንስሳ

አውራሪስ በግዙፍነቱ የታወቀ የዱር አውሬ ነው፤ በኦሮሞ ቋንቋ ወርሴሳ ይባላል። በኢትዮጵያ ቈላ ይኖር የነበረው ጥቁሩ አውራሪስ ሲሆን፥ ሁለት ቀንድ አለው፤ ምግቡም ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ስለዚሁ አውሬ ጽፏል። ዛሬ ግን ስሙ በአፍ ቀረ እንጂ፥ አካሉ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም።

የጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። ቀንዱ ለዋንጫና ለጐራዴ እጀታ፥ ቆዳው ለጋሻ ይፈለግ ነበር። በዐረብ አገር ለጩቤ እጀታ፥ በሩቅ ምሥራቅም ለመድኃኒት ብለው ቀንዱን በውድ ዋጋ ይገዙታል። ነገር ግን ቀንዱ የተሠራው ከጠጕርና ከጥፍር ዐይነት ነው፤ ጥፍሩን ያኘከ ሰው ከደዌው እንደማይድን፥ የአውራሪስ ቀንድም አያድንም። ደግሞም ሴቲቱ 15 ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ እስክትደግም ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። ስለዚህ አዳኝ በአንድ ቀን የሚያጠፋውን ዱሩ በብዙ ዓመት አይተካውም።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1970 በአፍሪካ 65 ሺህ ያህል ጥቁር አውራሪስ ነበረ፤ በ1995 ከ2,500 በታች ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኬንያ፥ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ዘበኛ አቁመው ስለ ጠበቁት ከ6 ሺህ በላይ ደርሷል። የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ ግን የመጨረሻው ወንድ በ2018 በኬንያ ሞተ፤ የቀሩትም ሁለት እንስቶች ብቻ ሆኑ። ጥበቃ በጊዜው ሲደርስ ያድናል፤ ሲዘገይ ግን ሬሳ መጠበቅ ይሆናል።

ይህ ነገር ለጌዶ ሰው ሩቅ አይምሰለው። አውራሪስ የቈላ አውሬ ነው፤ ጌዶ ግን ደጋ ነው። ነገር ግን በጌዶ ደን ዝግባና ወይራ፥ በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭልሞ ደንም ጉሬዛ ገና አለ። ጉሬዛም እንደ አውራሪስ ስለ ቆዳው ሲታደን የኖረ ነው፤ ደኑ ከተቈረጠ ማደሪያ የለውም። እንግዲህ መምህራን ይህን ለሕፃናት ያስረዱ። ሽማግሌዎችም የቀድሞ አዳኞችን ፉከራ ሲያወሩ፥ በዚያን ዘመን ክብሩ መግደል እንደ ነበረ፥ ዛሬ ግን ክብሩ መጠበቅ እንደ ሆነ አያይዘው ይንገሩ።

መጠይቅ።
1፤ አውራሪስ ፈጥኖ የማይበዛው ስለ ምንድን ነው?
2፤ ቀንዱ መድኃኒት የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
3፤ በመንደራችሁ ደን ቀድሞ የነበረ፥ ዛሬ የማይታይ እንስሳ የትኛው ነው? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ።