ስለ ማረጋገጫና ስለ ሊቃውንት ጉባኤ
ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የሒሳብ ክበብ ፊት ቆሜ አንድ ሕግ አገኘሁ ብዬ ተናግሬ ነበር። ነገሩም እንዲህ ነው። ከ0 ጀምሮ ማናቸውንም ሙሉ ቍጥር በራሱ አባዝተን፥ ያንኑ ቍጥር ደምረን፥ በመጨረሻ 41 ብንጨምርበት፥ ውጤቱ ዘወትር ብቸኛ ቍጥር ነው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ነው አልሁ። ለ0 የሚገኘው 41፥ ለ1 43፥ ለ2 47፥ ለ3 53 ነው። እስከ 30 ድረስ አንድ በአንድ ሞክሬ አንድም ጊዜ ስላልከሸፈብኝ፥ ገና ሳልናገረው በፊት ለአባቴ በኵራት አወራሁለት።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ «ወንድሜ፥ 40ን ሞክረኸዋል ወይ?» አለችኝ። አልሞከርሁትም ነበር። 40 በ40 ተባዝቶ 40 ሲደመርበት 40 ጊዜ 41 ይሆናል፤ 41 ሲጨመርበት ደግሞ 41 ጊዜ 41፥ ማለት 1,681 ይሆናል። ይህም በ41 ይካፈላልና ሕጌ ፈረሰ። ይህንኑ የመሰለ ቀመር ኦይለር የተባለው የስዊስ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1772 ጠቅሶት እንደ ነበረም ኋላ ተረዳሁ። ተማሪዎቹ ሣቁ፤ እኔም አፈርሁ። ማታ ለአባቴ የሆነውን ብነግረው «ልጄ፥ ስሕተትህን ያሳየችህን ልጅ አመሰገንሃት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላመሰገንኋትም ነበርና ዝም አልሁ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ግን ከዚህ ትልቅ ትምህርት አወጡልን። ብዙ ጊዜ መሞከርና ማረጋገጥ አንድ አይደሉም አሉን። ይህም ለኮምፒዩተር ሥራ እጅግ ያስፈልጋል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ፔንቲየም ብሎ የሠራው የኮምፒዩተር አንጎል በማካፈል ሲሳሳት ተገኘ። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 ማለት ሲገባው 1.33373 ይል ነበር። ምክንያቱም በውስጡ ካለው የማካፈያ ሠንጠረዥ 5 ቦታዎች ባዶ መቅረታቸው ነው። ኩባንያውም ለዚህ 475 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። በሙከራ ጊዜ ስሕተቱ አልታየም፤ ሙከራ የደረሰበትን ቦታ ብቻ ያሳያልና። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ በሎጂክ ሕግ ለሁሉም ቍጥር ትክክል መሆኑ እንዲረጋገጥ ብዙ ተደክሟል።

ይህን ጥናት የሚያካሂዱ ሊቃውንት «ሎጂክ በኮምፒዩተር ሳይንስ» የተባለ ጉባኤ አላቸው። መጀመሪያ የተሰበሰበው በ1986 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፥ ማሳቹሴትስ፥ ኬምብሪጅ ከተማ ሲሆን፥ በየዓመቱ ይደረጋል። ጥናቱን ለእንዲህ ያለ ጉባኤ የሚያቀርብ ሰው የሚሄድበት መንገድ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ጉባኤው ጥሪ ያወጣል፤ ቀኑ ካለፈ የሚቀበል የለም። አስቀድሞ የጥናቱ አጭር መግለጫ፥ ቀጥሎም ሙሉው ጽሑፍ ይላካል። ጸሓፊው ምን አዲስ ነገር እንዳገኘ፥ ከእርሱ በፊት ማን ምን እንደ ሠራና ማረጋገጫው ምን እንደ ሆነ መግለጽ አለበት። ያንኑ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሌላ ጉባኤ መላክ ክልክል ነው።

ሁለተኛ፥ የጉባኤው ኮሚቴ ጽሑፉን ሙያውን ለሚያውቁ ጥቂት መርማሪዎች ይሰጣል። በብዙ ጉባኤዎች ፍርዱ በዝና እንዳይመዘን የጸሓፊው ስም ይሰወራል። መርማሪዎቹም እንደዚያች የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ይህን ሞክረሃል ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጸሓፊው ባጭሩ እንዲመልስ ጥቂት ቀን የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ መቆጣት አይጠቅምም፤ ጥያቄው ልክ ከሆነ ማመን፥ ካልሆነ በማስረጃ መመለስ ነው።

በመጨረሻ ተቀባይነት ያገኘው በጉባኤው ፊት ይነገራል፤ በመጽሐፍም ይታተማል። ብዙው ግን ይመለሳል፤ ጸሓፊውም አርሞ እንደ ገና ሊልከው ይችላል። ተማሪዎች ለጻፉት ምርጥ ጥናትም በአሜሪካዊው ሊቅ በክሌኒ ስም የተሰየመ ሽልማት አለ።

መታረም ውርደት አለመሆኑን ከአለን ቱሪንግ መማር ይቻላል። ይህ እንግሊዛዊ በ1936 (እ.ኤ.አ.)፥ ገና በ23 ዓመቱ፥ የማናቸውንም የሎጂክ ዓረፍተ ነገር እውነትነት የሚወስን አንድ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል የሚያሳይ ጽሑፍ ለለንደን የሒሳብ ማኅበር ላከ። ነገር ግን አሎንዞ ቸርች የተባለው አሜሪካዊ በሌላ መንገድ ወደዚያው ደርሶ አስቀድሞ አሳትሞ ነበር። ቱሪንግ ተስፋ አልቈረጠም፤ ሁለቱን መንገዶች የሚያስተያይ ክፍል ጨመረበትና ታተመለት። ኋላ ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ የነበሩትን ስሕተቶች ራሱ አርሞ አወጣ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ሳልማር ጠምጥሜ ነበር። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት ያችን ልጅ ፈልጌ አመሰገንኋት፤ እርስዋም «እኔኮ የሞከርሁት 40ና 41 ስለሚቀራረቡ ነው» ብላ ሣቀች። አሁን ለክበባችን የምጽፈውን ሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ለእርስዋ ነው። እናንተም ጓደኞቼ፥ ሥራችሁን ለሚያመሰግናችሁ ብቻ ሳይሆን ለሚመረምራችሁም አሳዩ።