ዮጋውን ይያዙ፣ ዱቄቱን ይተዉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ54 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ሲሆን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ። በየዓመቱ ሙቀቱ አልፎ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ወገቤን ይይዘኛል፣ ቆዳዬ ይሰነጣጠቃል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ያለ ምክንያትም ሆድ ይብሰኛል። ዘንድሮ የሥራ ባልደረባዬ ዮጋ ወሰደችኝና በጣም ወደድኩት። አስተማሪዋ ግን ወቅት ሲለወጥ በአዩርቬዳ ሰውነትን «ማጽዳት» ያስፈልጋል ብላ የአሥር ቀን ጾምና በኢንተርኔት የሚታዘዝ ዱቄት መከረችኝ። ዱቄቱ ደርሶኛል፤ ገና አልቀመስኩትም። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ሳይቀምሱት መጠየቅዎ በጣም አስደስቶኛል። ዱቄቱን አይውሰዱት፤ በዮጋው ግን ይቀጥሉ።

በመጀመሪያ፣ የሚሰማዎት ነገር ቅብጠት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እርስዎ ያሉበት ከተማ ግን በሰኔ 15 ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው የቀን ብርሃን በታኅሣሥ ከ9 ሰዓት በታች ይወርዳል። በመስከረምና በጥቅምት ቀኑ በየዕለቱ 3 ደቂቃ ያህል እያጠረ ይሄዳል። እንቅልፍንና ስሜትን የሚያስተካክለው የአንጎላችን ሰዓት የሚቆጠረው በብርሃን ስለሆነ ይህ ለውጥ ይረብሸዋል። እርስዎ ደግሞ ጠዋት ከሥራ ገብተው ሲተኙ ያቺኑ አጭር ፀሐይ በእንቅልፍ ያሳልፏታል።

አዩርቬዳ ጥንታዊ የሕንድ ሕክምና ነው። ዓመቱን ሁለት ሁለት ወር በሚፈጁ ስድስት ወቅቶች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የአመጋገብ፣ የእንቅልፍና የእንቅስቃሴ ሥርዓት አውጥቷል። አንዱ ወቅት ሊወጣ 7 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሌላው ገብቶ 7 ቀን እስኪሞላው ያለውን ጊዜ «ሪቱሳንዲ» ይለዋል። በእነዚህ 14 ቀናት የቆየው ልማድ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል፣ አዲሱም በጥቂት በጥቂቱ ይለመዳል እንጂ በአንድ ሌሊት አይገለበጥም። ቫታ፣ ፒታና ካፋ ስለሚባሉት ሦስት የሰውነት ባሕርያት የሚነገረውን የዛሬው ሳይንስ አላረጋገጠውም። ይህን የቀስታ ምክር ግን በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ፤ ለአንጎል ሰዓትም የሚስማማው እንዲህ ያለው ዝግታ ነው።

ሥርዓቱ የተጻፈው ግን ለሕንድ አየር ነው። እዚያ ከዝናቡ ወራት በኋላ የሚመጣው ወቅት ሻራድ ይባላል። ፀሐይ የሚበረታበት በመሆኑ መጻሕፍቱ የሚያዝዙት የሚያቀዘቅዝ ምግብ ነው። አሜሪካ ያሉ አስተማሪዎች በተመሳሳይ ወር «ቅዝቃዜና ድርቀት ነው፣ የሚያሞቅ ብሉ» የሚሉት ካሉበት አገር አየር ጋር አስማምተውት ነው። ስለዚህ ማንም «መጽሐፉ የሚለው ይህ ነው» ቢልዎ አይጨነቁ።

ወደ ጾሙ ልምጣ። በአዩርቬዳ ማጽዳት ሲባል ማስታወክ፣ ማስቀመጥና በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ አለበት። የግፊት መድኃኒትዎ የሚያሸና ዓይነት ከሆነና በላዩ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ከጨመሩበት የሰውነትዎ ውኃና ፖታሲየም አብሮ ይወርዳል፤ ራስዎን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊመፒራይድ ያለ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ ምግብ ማቆም ደግሞ ስኳርዎን አደገኛ ደረጃ ድረስ ያወርደዋል። የሃይማኖት ጾም ሲመጣ ከሐኪምዎ ጋር መድኃኒቱን እንደሚያስተካክሉ ሁሉ እዚህም ያው ነው። ጤነኛ ጉበትና ኩላሊት ደግሞ የማጽዳቱን ሥራ ያለ ዱቄት ይሠሩታል።

ዱቄቱ የበለጠ ያሳስበኛል። በፈረንጆቹ 2004 የታተመ የቦስተን ጥናት በአካባቢው የደቡብ እስያ ሸቀጥ ከሚሸጡ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶችን ገዝቶ ሲመረምር በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አገኘ። በ2008 በኢንተርኔት የሚሸጡ 193 ምርቶች ተመርምረው ከአምስቱ አንዱ ያህል ከእነዚሁ መርዛማ ብረቶች ተገኘበት፤ አሜሪካ የተመረቱትም ከዚህ አላመለጡም። በ2011 እና በ2012 ኒው ዮርክ ከተማ ስድስት ነፍሰ ጡር ሴቶች ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር በተያያዘ በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። እርሳስ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ሁለቱም የእርስዎ ስስ ጎኖች ናቸው። እነዚህ ብረቶች የሌሉባቸውም ቢሆኑ ጣጣ አያጡም። አሽዋጋንዳ የሚባለው ሥር ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የሊኮሪስ ሥር ግፊት ያስነሣል። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው እርድ አያሳስብም፣ በእንክብል የሚሸጠው የተጠናከረው ግን ጉበት የጎዳበት ጊዜ አለ።

ዮጋው ሌላ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው አንዱ ዮጋ ነው። እርስዎ በሁለት እንቅስቃሴ ይጀምሩ። አንደኛው የድመትና የላም የሚባለው ነው። በእጅና በጉልበትዎ ይቁሙ፤ መዳፍዎ በትከሻዎ ትክክል፣ ጉልበትዎም በዳሌዎ ትክክል ይሁን። አየር እያስገቡ ሆድዎን ወደ ወለሉ ዝቅ፣ ደረትዎን ቀና ያድርጉ፤ አየር እያስወጡ ጀርባዎን ወደ ላይ ያጉብጡ። እንቅስቃሴው ከትንፋሽዎ ከቀደመ ፈጥነዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ስድስት ጊዜ ይበቃል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አሥራ አምስት ያድርሱት። ሁለተኛው ከሥራ ሲመለሱ፣ ከመተኛትዎ በፊት የሚሠሩት ነው። በጎንዎ ከግድግዳው ተጠግተው ይቀመጡና እየዞሩ በጀርባዎ ተጋድመው እግርዎን ግድግዳው ላይ ያንሡ። አምስት ደቂቃ እንዲሁ ይቆዩ። ሲነሡ በአንድ ጊዜ ብድግ አይበሉ፤ ወደ ጎን ዞረው ትንሽ ይረፉ፣ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይቁሙ፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲነሣ ይዞርበታል። በራስ ወይም በትከሻ መቆምን ግን ይተዉት። ግፊቱ ላልተስተካከለ ሰው አይመከርም፣ የዓይን ውስጥ ግፊትንም ስለሚጨምር ግላኮማ ላለበት አደገኛ ነው።

ለቆዳዎ የሰሊጥ ዘይት ማሸት ጥሩ ነው፤ አዩርቬዳም የሚወደው ይህንኑ ነው። ዘይቱን ሲያሞቁ ሙቀቱን በእጅ አንጓዎ ይለኩ እንጂ በእግርዎ አይለኩ፤ ስኳር የእግር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ቃጠሎው ሳይሰማዎት ቆዳዎ ሊላጥ ይችላል። ዘይቱን በእግር ጣቶችዎ መካከል አይተዉት፣ ይጥረጉት። እግርዎ ላይ ቁስል ካዩ ማሸቱን አቁመው ለሐኪም ያሳዩት። ገላዎን ሲታጠቡም ዘይቱ እንዳያንሸራትትዎ ይጠንቀቁ።

ምግቡ ቀላል ነው። ቀዝቃዛውን ሰላጣ ቀስ በቀስ በሾርባ፣ በምስር፣ ዝንጅብልና ከሙን በገባበት አትክልት ይተኩ። ሕንዶች ሩዝና ማሾ ክክ ከእርድ ጋር አብረው የሚቀቅሉት ኪቸሪ የሚባል ምግብ አላቸው፤ ከሠሩት ለስኳርዎ ሲባል ማሾው ይብዛ፣ ሩዙ ይነስ።

አዩርቬዳ የማይነግርዎትን ደግሞ እኔ ልንገርዎ። የቫይታሚን ዲ መጠንዎን ያስመርምሩ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች በዚያ ሰማይ ሥር በቀላሉ ያንሰናል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እስከ ፈረንጆቹ ኦክቶበር መጨረሻ ይውሰዱ። ለወቅታዊ ድባቴ 10,000 ለክስ የሚሰጥ የብርሃን መብራት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠቀም ብዙ ሰው ረድቷል፤ ተረኛነትዎ የሌሊት ስለሆነ ሰዓቱን ሐኪምዎ ይወስንልዎት። የሆድ መባሱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላዎት ግን ወቅቱ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ይታከሙ። መኖር ካስጠላዎት በዚያው ሰዓት 988 ይደውሉ።

ዱቄቱን ከነማሸጊያው ሐኪምዎ ዘንድ ይዘው ይሂዱ። ለሌላ ሰው አይስጡት። አስተማሪዋንም ወርፈው አይቅሩባት፤ መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሯትና ትምህርትዎን ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ክረምቱ ወጥቶ አቧራው ሲጀምር አፍንጫዬ ይዘጋል። ዮጋ ላይ በትንሽ ማንቆርቆሪያ የጨው ውኃ በአፍንጫ ማፍሰስ ተምሬያለሁ። ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም፣ ይረዳል፤ ውኃው ንጹሕ ከሆነ። በቀጥታ ከቧንቧ ቀድተው አይጠቀሙ። ከቧንቧ ውኃ ጋር በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ አለ፤ በፈረንጆቹ 2011 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ሲያጥቡ በዚህ ሞተዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት፣ ለብ እስኪልም ይጠብቁት። ማንቆርቆሪያውን በየጊዜው አጥበው ያድርቁ። ጆሮዎን ካመመዎ ወይም አፍንጫዎ ከደማ ያቁሙና ይታዩ።