ታጁራና የጉቤት ባሕረ ሰላጤ

በክፍላችን ካርታ ላይ በጅቡቲ አገር ያለችው ታጁራ የዝንብ ዐይን የምታህል ነጥብ ናት። ከነጥቧ በስተ ምዕራብ ባሕሩ እየጠበበ ይሄድና ወደ የብስ ይገባል። ይህን ጫፍ ሳየው የካርታው ሠሪ ብዕር ያመለጠው ይመስለኝ ነበር። ባለፈው የገና ዕረፍት ከአባቴ ጋር በዚያ ስፍራ አንድ ቀን ስለዋልኩ፥ ያየሁትንና ከተመለስኩ በኋላ ያጠናሁትን ለጓደኞቼ እጽፋለሁ።

በማለዳ ታጁራን ዞርናት። ቤቶቿና መስጊዶቿ ነጫጭ ናቸው፤ ከበስተኋላቸው የጎዳ ተራራ ይታያል። ከተማዋ ትንሽ ብትኾንም በታሪካችን ውስጥ ስፍራ አላት፤ ይኸውም የምድር ባቡር ሳይሠራ ወደ ሸዋ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ከሚነሣባቸው ወደቦች አንዷ ስለነበረች ነው። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላኩት፥ በሻምበል ሃሪስ የሚመሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች የተነሡት ከዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦም በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ብዙ ወራት እዚህ ተጉላልቶ፥ በ1879 ዓ.ም. መንገድ ጀመረ። እኛ በመኪና ስለኾንን ከቀትር በፊት ጉቤት ደረስን።

ጉቤትን የከበቡት ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው በር ጠባብ ስለኾነ ለሚያየው ሰው ሐይቅ ይመስላል። እኔም «እንዴት ያለ ሐይቅ ነው!» ብዬ አባቴን አሳቅሁት። «ልጄ፥ ሐይቁስ ወዲያ ማዶ ነው» አለና ቁልቁል ወደ አሳል ወሰደኝ።

ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፥ በአፍሪካ ምድር ከኹሉ የጐደጐደ ስፍራ ነው። ከጉቤት የሚለየው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ስንጥቅጥቅ ድንጋይ ብቻ ነው። የባሕሩ ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ፀሓይ ውሃውን ታተነዋለች፥ ጨው ግን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፥ የአሳል ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል ይይዛል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩትና እስከ ማታ ውሃ ሲያስጠማኝ ዋለ። በዚህ ንዳድ ግመል እየነዱ ጨው ይጭኑ የነበሩትን የአፋር ነጋዴዎች ሳስብ ደነቀኝ።

ስንጥቁ የሚሰፋው የዐረብና የአፍሪካ ምድር እየተለያዩ ስለሚሄዱ ነው። በ1971 ዓ.ም. በሁለቱ ውሆች መካከል አርዱኮባ የሚባል እሳተ ገሞራ ለአንድ ሳምንት ያህል ሲፈነዳ፥ የስንጥቁ ሁለት ወገን እስከ 2 ሜትር ተራራቀ። ያ የድንጋይ ግድግዳ አንድ ዘመን ቢከፈት ባሕሩ ወደ አሳል መግባቱ አይቀርም። እንግዲህ የብዕር ስሕተት ያልኩት ጫፍ የባሕሩ መንገድ ኖሯል።

ከአሳል ያመጣሁት፥ እንደ ዶቃ የተድቦለቦለ ጨው በጂኦግራፊ ክፍል መስኮት ላይ ይገኛል። መቅመስ የሚሻ ውሃ ይዞ ይምጣ።