የአናጢነት ሥራና የሚጠይቀው ዕውቀት

ስለ ሕክምና፣ ስለ ምሕንድስናና ስለ አውሮፕላን የሚጽፉ ጓደኞች አይጠፉም። እኔ ግን ስለ አናጢነት ለመጻፍ የመረጥሁት በምክንያት ነው። አባቴ አናጢ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «የአባት ሥራ» ከሚለው አጠገብ «ነጋዴ» ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት በእንጨት ሥራ ቤታቸው ሳገለግል ያየሁት ነገር በዚያ ቃል እንዳፍር አድርጎኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለአንባቢ ትምህርት፣ ለእኔም ዕርማት እንዲሆን አስቤ ነው።

አናጢነት በአገራችን ትናንት የመጣ ጥበብ አይደለም። በጥንታዊው በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፣ ከጣሪያው ሥር የእንስሳት ምስል የተቀረጸባቸው ጣውላዎች ይገኛሉ። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው የአክሱም ሐውልቶች ነገር ነው፤ በድንጋዩ ላይ መስኮትና ከግድግዳ ብቅ ያለ የእንጨት ጫፍ ተቀርጾባቸዋል። እንግዲህ ድንጋይ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ አስመስሎ ቀረጸ ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ የእጅ ሠራተኛ ለብዙ ዘመን ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ነገር ግን ያን ቅጽ ስሞላ ያው ንቀት በእኔ ልብ ውስጥ ነበር።

አናጢ ለመሆን በመጀመሪያ የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋንዛ ለመላግ የሚመችና መልኩ ያማረ ስለ ሆነ ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለቁም ሣጥን ይመረጣል። ጽድ ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍረው ለምሰሶና ለአጥር ይሆናል። ዝግባ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል። ወይራ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ለመሣሪያ እጀታ ተስማሚ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ሲደርቅ ግን መጣመምና መሰንጠቅ ያበዛል። ዛሬ የአገር ዛፎች ስለ ተመናመኑ በብዙ እንጨት ሥራ ቤት ቺፑድና ኮምፔንሳቶ በዝቷል።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ጠባዩን አይተውም። እርጥበቱን ሲለቅ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረውም በቁመቱ ሳይሆን ይበልጡን በወርዱ ነው። ስለዚህ እርጥብ ጣውላ በጥላ ሥር ተደርድሮ፣ አየር እንዲያልፍበት በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት ብዙ ወራት መቆየት አለበት። ካልደረቀ ጣውላ የተሠራ በር በክረምት ደኅና የተዘጋ መስሎ በበጋ በየስንጥቁ ብርሃን ያስገባል።

ሁለተኛው ዕውቀት መለካት ነው። አናጢ ሜትር፣ ስኳድራ፣ ውኃ ልክና ቱምቢ ከእጁ አይለዩም። መጋዝ ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር እንጨት ስለሚበላ፣ የሚቆረጠው በመስመሩ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ውጭ፣ በሚጣለው ወገን ነው። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለውም የተቆረጠ እንጨት ስለማይቀጠል ነው።

ይህን እኔ የተማርሁት በጥፋቴ ነው። ባለፈው ሐምሌ እንጀራ እየጋገሩ የሚተዳደሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በር አዘዙ። የአሮጌው በራቸው ታች በስብሶ የዝናብ ውኃ ወደ ቤት ይገባባቸው ነበር። አባቴ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ወርዱን 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱን 2 ሜትር አድርጌ ቆረጥሁ፤ ኮላ ቀብቼ ገጠምሁ። በማግሥቱ ወስደን ስንሰቅለው በሩ በአንድ ወገን ተቀረቀረ፤ በሌላው ወገን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። አራቱን ጎኖች እንደ ገና ለካሁ፤ ሁሉም ልክ ናቸው። አባቴ ግን አንዳች ሳይናገሩ ሜትሩን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በአግድሞሽ ዘረጉት። አንደኛው ከሁለተኛው በ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። ጎኖቹ ልክ ሆነው ማዕዘኖቹ ተዛንፈዋል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላየው ነው ያመጣሁት» አሉ አባቴ። የእኔን ስም አላነሡም። ያን ሌሊት ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ አባቴ የተበላሸውን ጣውላ በራሳቸው ገንዘብ ተክተው በሩን እንደ ገና አብረን ሠራነው።

በዚያን ቀን አንድ ነገር አሳዩኝ። ከማዕዘኑ በአንድ ወገን 60፣ በሌላው ወገን 80 ሴንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ ነው፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይህ በክፍል የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ አይደለምን? እኔ በፈተና ሙሉ ነጥብ አግኝቼበት ነበር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ያልተማሩት አባቴ ግን በየቀኑ ይሠሩበታል።

ሦስተኛው ዕውቀት መግጠም ነው። ምስማር ብቻውን ወንበር አያጸናም። የወንበር እግር በመሮ ይፈለፈላል፤ የአግዳሚው ጫፍም እንደ ምላስ ተቀርጾ በፍልፍሉ ውስጥ ይገባል። የምላሱ ውፍረት ከእንጨቱ ውፍረት ሢሶ ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ቢቀጥን ይሰበራል፣ ቢወፍር ፍልፍሉ የሚገኝበትን እግር ያደክማል። ምላሱ ሲላላ ወንበሩ ይነቃነቃል፣ እጅግ ሲጠብቅም እንጨቱ ይሰነጠቃል። ይህን ልክ እጅ እንጂ መጽሐፍ ብቻውን አያስተምርም።

ከዕውቀቱ ጋር ጠባይም ያስፈልጋል። መሮና መላጊያ ሁልጊዜ መሳል አለባቸው፤ የደነዘ መሮ ኃይል ስለሚጠይቅ አምልጦ እጅን ይወጋል። በኤሌክትሪክ መጋዝ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዐይኑን በመነጽር፣ አፍና አፍንጫውን ከብናኝ መጠበቅ ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ቀጠሮ ማክበርና ጥፋትን አለመሸፋፈን የባለሙያው ክብር ናቸው። ቀለም የተቀባበት ስሕተት ለጊዜው አይታይም፤ ከጊዜ በኋላ ግን የቤቱ ባለቤት ያገኘዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ሁላችንም አናጢ እንሁን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የተቀመጥንበት ወንበርና የምንጽፍበት ጠረጴዛ የተሠሩት በሐሳብና በስሌት ጭምር መሆኑን እናስተውል። ወላጆችም የእጅ ሥራ የሚወድ ልጅ ሲያዩ ትምህርት የጠላ አይምሰላቸው።

ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቅጽ በተሰጠኝ ጊዜ «የአባት ሥራ» ከሚለው አጠገብ በጉልህ ጽሕፈት «አናጢ» ብዬ ጽፌአለሁ።