ከዝናቡ ይልቅ ላቡን ፍራ

እስቲ ስልኩን ወዲህ በል ማሙሽ። ይሄንን ወፍራሙን ጃኬት ነው ልትገዛ? ገበሩ ጥጥ የተሞላውን? እሱን ለብሰህ ታክሲ ጠብቅበት እንጂ እንጦጦ ሳይክል አትንዳበት። ከሽሮ ሜዳ ተነስተህ ዳገቱን ሳታጋምስ ከውስጥ ትቀቀላለህ።

ሳይክል የሚነዳ ሰው ከሰማይ ከሚወርደው በላይ ከራሱ የሚወጣው ነው የሚያበሰብሰው። ስትወጣ ታልባለህ፣ ላቡ መውጫ ሲያጣ ካናቴራህ ይረጥባል። አናቱ ላይ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ከዚያ ፔዳል ሳትመታ ቁልቁል ስትለቀው ንፋሱ እርጥቡን ካናቴራ ገላህ ላይ ያቀዘቅዘዋል። አንዲት ጠብታ ሳትነካህ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ ሻጩን "ውሃ ያስገባል ወይ?" ብለህ አታብቃ፤ "እንፋሎቱንስ ያስወጣል?" በለው።

ውሃ አለማስገባትማ ላስቲክም አያስገባም። ከባዱ ሁለቱን ማስታረቅ ነው። ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን የምንለውን ፕላስቲክ አግሎ በኃይል ቢስበው ተለጠጠና ዓይን በማያየው ቀዳዳ የተሞላ ስስ ነገር ወጣው። የውሃ ጠብታ አያልፍበትም፣ እንፋሎት ግን ያልፍበታል። ጎርቴክስ ከዚያ መጣ። ዛሬ ሌሎቹም ኩባንያዎች የየራሳቸው አላቸው፤ ስለዚህ ስሙን ትተህ ቁጥሩን እይ።

ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው የውሃ ግፊት ነው፤ 10,000 ሚሊ ሜትር ከተባለ ጨርቁ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጫነው ይችላል ማለት ነው። ለካፊያና ለአጭር ዝናብ ይበቃሃል። ሐምሌና ነሐሴ በዶፍ ውስጥ እነዳለሁ ካልክ፣ በተለይ ቦርሳ የምታዝል ከሆነ፣ ማንገቻው ትከሻህ ላይ ጨርቁን ስለሚጫነው ወደ 20,000 የተጠጋውን ፈልግ። ሁለተኛው ቁጥር በ24 ሰዓት በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚወጣ ነው። እሱን ግን እንደ መሐላ አትየው፤ የሚለኩበት ዘዴ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

ደግሞ የፈለገው ቁጥር ይጻፍበት፣ የእንጦጦን ዳገት ላብ ችሎ የሚያስወጣ ጨርቅ አላውቅም። ለዚህ ነው ብብቱ ስር ዚፕ ያለውን ግዛ የምልህ። ስትወጣ ትከፍተዋለህ፣ ስትወርድ ትዘጋዋለህ። ዝናብ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አውልቀህ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ተጠቅልሎ የማይገባ ከሆነ መጀመሪያውኑ ወፍራም ነው። ከስሩ የጥጥ ካናቴራ አታድርግ፣ ጥጥ ውሃ ይዞ አይለቅም። ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ስፖርት ልብስ ይሻላል።

መርካቶ ሳልቫጅ ልታይ ከሆነ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ብቻህን ከሄድክ ግን መጀመሪያ ገልብጠው። ስፌት ማለት የመርፌ ቀዳዳ ነው፤ በውስጥ በኩል ስፌቱን ሁሉ ተከትሎ የተለጠፈ ጠባብ ቴፕ መኖር አለበት። ትከሻና አንገት ላይ ብቻ ለጥፈው የሚተዉት አሉ። ቴፑ ከተላቀቀ፣ ወይም ውስጡ እየተላላጠ ነጭ ብናኝ እጅህ ላይ ከቀረ፣ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰደው፤ የተላላጠ ውስጥ አይጠገንም። በውጭ በኩል ግን ውሃ ስታፈስበት ከመንከባለል ይልቅ ቢጠጣው አትደንግጥ። ያለቀው ላይኛው ቅባት ነው፣ ይመለሳል። በለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እጠበው፣ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ ሲደርቅ በውስጥ በኩል የተሰፋችው ምልክት ከፈቀደች ጨርቅ ጣል አድርገህ ለብ ባለ ካውያ ተኩሰው። ካልመለሰ የሚረጭ ማደሻ አለ። እማዬ ብቻ እንዳታገኘው፣ በኦሞና በበረኪና ዘፍዝፋ ትገላግልሃለች።

አክስታችን ከአሜሪካ ትልክልኛለች ብለህ ከሆነም ይሄን እወቅ፤ ያ የድሮው ቅባት የሚሠራበት ኬሚካል አካባቢ ውስጥ ሳይበሰብስ ስለሚቀር እንደ ካሊፎርኒያ ያሉት ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ገደብ ጥለውበታል። አዲሶቹ ጃኬቶች ላይ ያለውን ምትክ ግን ዘይትና ቆሻሻ ቶሎ ያሸንፈዋል፤ እንዳይበላሽብኝ ብለህ ሳታጥብ ብታስቀምጠው ይብሱን ያረጃል።

ልኩን ቆመህ አትለካ። ሱቁ ውስጥ መሪ እንደያዘ ሰው ጎንበስ በል፣ እጅህን ዘርጋ። ሻጩ ይሳቅ። እጅጌው ወደ ክርንህ ከሸሸ፣ ጀርባህ ከተገለጠ፣ ያንተ አይደለም። የሳይክል ጃኬት ከኋላ ረዘም፣ ከፊት አጠር ይላል። ኮፍያ ካለው ሄልሜትህን ይዘህ ሂድና ከላዩ ደርበህ አንገትህን ግራና ቀኝ አዙር፤ ኮፍያው አብሮህ ካልዞረ ከጎን የሚመጣውን አይሱዙ አታየውም። ቀለሙን ጥቁር እንዳታደርገው እለምንሃለሁ። ጠዋት ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ የሚያየው ብርቱካን ወይም ቢጫ ነው፣ አንተ ስታይል ትላለህ እንጂ።

በል አሁን ያንን ወፍራሙን አጥፋው። ከብሩም ትንሽ አስተርፍና ለኋላ ጎማህ የጭቃ መከላከያ ግዛ፤ ከጎማው ተረጭቶ ወደ ሱሪህ ለሚገባው ውሃ ጃኬት ምንም አያደርግልህም።